ቤት ለቤት ለምትሸጡ፦ የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ ከእናንተ የሚፈልገውን እንዴት ታሟላላችሁ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከብሎክ ብሎክ እየዞርኩ የቤትና የውበት ዕቃ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ይህን ነገር ሳልጠየቅ የማልፍበት ሳምንት የለም። አንዷ ከኮዬ ፈጬ ትደውልና «ሱቅ ስለሌለኝ የሸማች ሕጉ እኔን አይመለከተኝም አይደል?» ትለኛለች። ሌላው ከየካ አባዶ «ዕቃውን ያመጣው ድርጅቱ ነው፤ ቢበላሽ እኔ ምን አገባኝ?» ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ ቡና እየጠጣን «ሰው ካስገባሽ ኮሚሽን አለው ብለውኛል፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው ሁሉንም እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ።

አጭሩ መልስ፦ ሕጉ ይመለከታችኋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገዛው ዕቃ የተጎዳ ሸማች ካሳውን ከአምራቹ፣ ከአስመጪው፣ ከጅምላ ነጋዴው ወይም ከቸርቻሪው፣ ከሁሉም በአንድነት ወይም ከአንዱ ብቻ በተናጠል እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ደንበኛዋ ፋብሪካው ድረስ አትሄድም። የምታውቀው የእናንተን በር ነው፤ የምታንኳኳውም እሱን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ያ በር ሲንኳኳ እጃችሁ ላይ ወረቀት እንዲኖር ለማድረግ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የታደሰ የነዋሪነት ወይም የፋይዳ መታወቂያ
- የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር
- የቤት ካርታ ወይም የቤት ኪራይ ውል
- የምትሸጧቸው ዕቃዎች ዝርዝር፣ በእጅ የተጻፈም ቢሆን
- በገቢዎች ቢሮ ፈቃድ የታተመ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ወይም እንደ ግብር ደረጃችሁ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን
- ባለመስመር ወፍራም ደብተር
- የአቅራቢ ደረሰኝ ማስቀመጫ ክላሰር
- በክብደት የምትሸጡ ከሆነ በትክክል የሚመዝን ሚዛን

ደረጃ 1፦ ፈቃዱን በምትሸጡት ዕቃ ዘርፍ አውጡ

ወረዳችሁ ወዳለው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ከተማው ዳር ስለምንኖር ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። ቤታችሁ በአዲስ አበባ ሥር ይሁን በሸገር ከተማ፣ መታወቂያችሁና የቤት ውላችሁ ላይ ያለውን አድራሻ አይታችሁ አስቀድማችሁ ለዩ። መንገዱን ተሻግራችሁ ወደማይመለከታችሁ ቢሮ ከሄዳችሁ የምትውሉት ሰልፍ ላይ ነው፤ ትርፉም ድካም ብቻ።

የዕቃ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ ያልኩት ፈቃድ የሚሰጠው በዘርፍ ስለሆነ ነው። የቤት ዕቃ ችርቻሮ ብላችሁ አውጥታችሁ የፊት ቅባት ከሸጣችሁ፣ ለቅባቱ ፈቃድ እንደሌላችሁ ይቆጠራል። ባለሙያው ዝርዝሩን ሲያይ ትክክለኛውን ዘርፍ ይነግራችኋል።

ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል። የመጨረሻው ሳምንት ድረስ አትቆዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የእህታችሁን ወይም የጓደኛችሁን ፈቃድ ይዛችሁ አትሽጡ። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ለሌላ ሰው አይዋስም፣ አይከራይም። ችግር ሲመጣ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ ከአቅራቢያችሁ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ዕቃ አትረከቡ

ከሁሉም ደረጃ እኔን በጣም ያስከፈለኝ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት መርካቶ ከሚገኝ አንድ አከፋፋይ ስድስት የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ወሰድኩ። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ በፍሬ አርባ ብር እቀንስልሻለሁ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ በስድስቱ 240 ብር ያተረፍኩ መሰለኝ። ሁለቱ ገና ሳምንት ሳይሞላቸው ማፍላት አቆሙ። አንደኛዋ ደንበኛዬ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር አራስ ነበረች። በሩን ስትከፍትልኝ ሕፃኑን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው ማፍያውን ይዛ ነበር፤ የመሰኪያው ጥግ ጠቁሯል። ምንም አልተናገረችም። ዕቃውን ብቻ ዘረጋችልኝ። ይዤው መርካቶ ስመለስ አከፋፋዩ «ደረሰኙ የታል? ከእኔ ስለመግዛትሽ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። የሁለቱንም ገንዘብ ከኪሴ መለስኩ።

ስለዚህ በአከፋፋዩ ደረሰኝ ላይ የሚከተሉት መኖራቸውን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ፦ የአከፋፋዩ ስምና የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የዕቃው ስምና ሞዴል፣ ብዛቱ፣ የአንዱ ዋጋ። «የተለያዩ ዕቃዎች» ተብሎ በአንድ መስመር የተጻፈ ደረሰኝ አትቀበሉ፤ የተበላሸው ዕቃ በዚያ ደረሰኝ ስለመግባቱ አያሳይላችሁም። ዋስትና አለው ካሏችሁ የዋስትናው ወረቀት ማኅተም ይኑረው፤ ለስንት ወር እንደሆነም በቁጥር ይጻፍበት።

ደረጃ 3፦ የዕቃውን መለያ ጽሑፍ አንብቡ

እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የዕቃው ስም፣ የተሠራበት አገር፣ መጠኑ ወይም ክብደቱ፣ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን (ለሚበላሽ ነገር)፣ አጠቃቀሙ፣ የአምራቹ ወይም የአስመጪው ስምና አድራሻ መኖር አለበት። ካልኖረ አትግዙት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ደንበኛዋ ቆዳዋ ቢቆጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃት «ምን ተቀባሽ?» ብሎ ነው፤ መልሱ ዕቃው ላይ ካልተጻፈ ማንም አያውቀውም።

ከትልቅ ዕቃ ወደ ትንሽ ብልቃጥ እየገለበጣችሁ የምትሸጡ ከሆነ (ዘይት፣ ቅባት፣ ፈሳሽ ሳሙና) ችግሩ ይብሳል። የሚያበቃበት ቀን ትልቁ ዕቃ ላይ ቀርቶ ትንሹ ብልቃጥ ባዶውን ይሄዳል። እኔ ቅባት መገልበጥ ጨርሶ ትቻለሁ፤ እናንተም ብትተዉት ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቆዳ እናነጣለን የሚሉ ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊገኝ ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ስቴሮይድ ደግሞ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል። ይዘታቸው ያልተጻፈ፣ ወይም የተጻፈው በማታነቡት ቋንቋ ብቻ የሆነ ቅባት ቦርሳችሁ ውስጥ አይግባ። ምግብ፣ መድኃኒትና የውበት መጠበቂያ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ስለ አንድ ምርት ከተጠራጠራችሁ በነጻ መስመሩ 8482 ደውላችሁ ጠይቁ።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማር፣ ቅቤ ለምትሸጡም ያው ነው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ወይም ጊዜው ያለፈበት ምግብ መሸጥ ክልክል ነው። ቅቤውን ከገጠር ያመጣላችሁ ሰው ቢቀላቅለውም ለደንበኛዋ የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂቱን ቤታችሁ አንጥራችሁ እዩት።

ደረጃ 4፦ የዋጋ ዝርዝር ይዛችሁ ዙሩ

ባለሱቅ ዋጋውን በሚታይ ቦታ ይለጥፋል ወይም ዕቃው ላይ ያደርገዋል። እናንተ ግድግዳ ስለሌላችሁ ዋጋውን ዕቃው ላይ ለጥፉ፤ ወይም በአንድ ገጽ ላይ አሳትማችሁ ያዙ። ዋጋው የመጨረሻው ይሁን፤ ግብሩን፣ ማድረሻውን በኋላ አትጨምሩ። አራተኛ ፎቅ ላለችው አንድ ዋጋ፣ ምድር ቤት ላለችው ሌላ ዋጋ ከነገራችሁ፣ ሁለቱ ማታ ቡና ላይ ሲገናኙ ያወሩታል። ከዚያ በኋላ በዚያ ብሎክ ማን ያምናችኋል?

በቴሌግራም የምትለጥፉትም ዋጋ እንደዚሁ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ተዉት። ፎቶውም የራሱ የዕቃው ይሁን። ከኢንተርኔት የወረደ ቆንጆ ፎቶ ለጥፋችሁ ሌላ ዓይነት ዕቃ ካደረሳችሁ ሸማቹን አሳስታችኋል፤ ይህን ከሸማቾች ጥበቃው በተጨማሪ የማስታወቂያ አዋጁም (ቁጥር 759/2004) ይከለክላል።

ደረጃ 5፦ በር ላይ የምትናገሩትን አስቀድማችሁ ለዩ

የእኛ ሥራ ከሱቅ የሚለየው በሰው ቤት ገብተን በመሸጣችን ነው። ሰውዬው ከሱቅ ዞር ብሎ መሄድ ይችላል፤ ከራሱ ሳሎን ግን የት ይሄዳል? ሕጉ ሸማች ዕቃ ስላማረጠ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንዳይገደድ ይከላከልለታል። በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ የመጠበቅ መብትም ይሰጠዋል።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። ስትገቡ፦ «እማማ፣ ዕቃ ላሳይዎት ነው የመጣሁት፤ ካልወደዱት ቅር አይለኝም» በሉ። ካሳያችሁ በኋላ ዝም በሉና ይዩት። ሁለት ጊዜ «አይ፣ ይቅርብኝ» ካሏችሁ ሰብስባችሁ ውጡ። «ይህን ሁሉ ከፈታሁ በኋላ?» የሚለው አነጋገር፣ ወይም «ጎረቤትዎ ወስዳለች እኮ» እያሉ ማሳፈር፣ ያን ቀን ቢያሸጥም በማግስቱ ዕቃው ይመለሳል።

የሚከተሉትን ፈጽሞ አትናገሩ፦

- «ስኳር ያድናል፣ ደም ግፊት ያወርዳል፣ ጨጓራን ይፈውሳል።» ተጨማሪ ምግብ መድኃኒት አይደለም። አንዲት እናት ይህን ሰምተው የስኳር መርፌያቸውን ቢያቆሙ የሚመጣውን አስቡት።
- «ኦሪጂናል ነው፣ ከጣሊያን የመጣ ነው» ዕቃው ላይ ሌላ አገር ተጽፎ ሳለ።
- «አዲስ ነው» ዕቃው የታደሰ ወይም ያገለገለ ሆኖ ሳለ። ያገለገለ መሸጥ ይቻላል፤ ያገለገለ መሆኑን መደበቅ ግን አይቻልም።
- «ከአንድ ሺህ ብር ወደ ሰባት መቶ ቀንሼልሽ ነው» በአንድ ሺህ ብር ሸጣችሁ የማታውቁ ከሆነ። የሐሰት ቅናሽ ራሱን የቻለ የማሳሳት ድርጊት ነው።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ እዚያው በደንበኛዋ ሶኬት ሰክታችሁ አሳዩ። ውኃ ማፍያ ከሆነ ውኃው እስኪፈላ ጠብቁ፣ ምጣድ ከሆነ እስኪግል። አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ በሳምንቱ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ግን ያድናችኋል። መብራት ከሌለ ሽያጩን ለሌላ ቀን አድርጉት።

ደረጃ 6፦ ደረሰኝ ስጡ፣ ቀሪውን አስቀምጡ

ገንዘቡን በቴሌብር ተቀበላችሁም በእጅ፣ የሽያጭ ደረሰኙ ወዲያው ይቆረጣል። የቴሌብር የክፍያ መልእክት ገንዘብ መተላለፉን እንጂ ምን እንደተሸጠ አይናገርም፤ በደረሰኝ ምትክ አያገለግልም። የትኛው ዓይነት ደረሰኝ እንደሚያስፈልጋችሁ በአካባቢያችሁ ያለው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት በግብር ደረጃችሁ መሠረት ይነግራችኋል።

ደረሰኙ ላይ ከዕቃው ስም አጠገብ ሞዴሉን ጻፉ። ሰክታችሁ ካሳያችሁ «ተሰክቶ ታይቷል» ብላችሁ ጨምሩና ደንበኛዋን አስፈርሙ። ስልካችሁንና አድራሻችሁን ጻፉበት፤ ደንበኛ የምትናደደው ብዙ ጊዜ ዕቃው በመበላሸቱ ሳይሆን ሻጩን ፈልጋ በማጣቷ ነው።

በዱቤ ወይም በዕቁብ ተራ የምትሸጡ ከሆነ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የተከፈለው፣ የቀረውና የሚከፈልበት ቀን በሁለት ቅጂ ይጻፍ። «እንተዋወቃለን» በሚል በቃል የተሸጠ ብርድ ልብስ ስንቱን ጎረቤት አኮራርፏል!

ደረጃ 7፦ የ15 ቀን ደብተር ክፈቱ

አዋጁ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ዋስትናው ወይም ውሉ ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከሰጠው የተሻለው ይጸናል። 15 ቀን ዝቅተኛው ነው ማለት ነው።

ደብተሩን እንዲህ አስምሩት፦ የተሸጠበት ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ዕቃው፣ ብሎክና የቤት ቁጥር፣ 15ኛው ቀን፣ የአቅራቢው ደረሰኝ ቁጥር። ጥቅምት 3 የተሸጠ ምጣድ ካለ «እስከ ጥቅምት 18» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። የመጨረሻው ዓምድ ዋናው ነው፤ ዕቃው ሲመለስ በየትኛው ደረሰኝ ወደ አቅራቢው እንደምትወስዱት ሳትፈልጉ ታገኛላችሁ።

ከአቅራቢያችሁ ጋርም ስትዋዋሉ ቢያንስ 20 ቀን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። እሱ 15 ቀን ብቻ ከሰጣችሁ፣ ዕቃው እናንተ ቤት በተቀመጠባቸው ቀናት ልክ ኪሣራው እናንተ ላይ ይወድቃል። እኔ አሁን ከአንድ ሳምንት በላይ ቤቴ ዕቃ አላከማችም።

ዕቃው ሲመለስ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. አትከራከሩ፤ ተቀበሉና ከደንበኛዋ ፊት ሞክሩት።
ለ. ጉድለቱን በቃላት ጻፉ፤ «አይሠራም» ሳይሆን «ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ውኃ ግን አያሞቅም»።
ሐ. ልውጥ ወይም ገንዘብ እንደምትፈልግ ጠይቋት። ምርጫዋን ጻፉና አስፈርሙ።
መ. ስትከፍሉ «ተመላሽ ተደርጓል» የሚል ፊርማ ያዙ።
ሠ. በማግስቱ ወደ አቅራቢው ውሰዱት። ከዚያ በላይ ካቆያችሁት የእናንተ ቀን ይቆጠራል።

ጉድለት ከሌለው ግን ነገሩ ይለያል። «ቀለሙን ባለቤቴ አልወደደውም» ተብሎ የተመለሰ መጋረጃ ጉድለት የለበትም፤ መቀበል አለመቀበል የእናንተ ፈንታ ነው። ያልታጠበና ያልተሰፋ ከሆነ እኔ በሦስት ቀን ውስጥ እለውጣለሁ፤ ይህንንም ስሸጥ እናገራለሁ። እናንተም የራሳችሁን ወስኑ፣ ለሁሉም ግን አንድ ዓይነት ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ ደረሰኝ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብላችሁ አታሳትሙ። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ከጉድለት ኃላፊነት ማምለጥ አይቻልም። ይልቁንም ተቆጣጣሪ ሲያየው ጥፋታችሁን ራሳችሁ ጽፋችሁ እንደሰጣችሁት ይሆናል።

ደረጃ 8፦ «ሰው አስገቡ» ሲሏችሁ ሒሳቡን ሥሩ

ለጎረቤቴ የሰጠኋት መልስ ይኸው። ዕቃ በመግዛት ወይም ገንዘብ በማዋጣት የሚገባበት፣ ከዚያም ሌሎች በእናንተ አግባቢነት ሲገቡ በሰዎቹ ቁጥር ልክ ተጨማሪ ጥቅም የሚገኝበት አሠራር በአዋጅ 813/2006 ከተከለከሉት የማሳሳት ድርጊቶች አንዱ ነው፤ ብዙዎች ፒራሚድ ይሉታል። የሌላ ድርጅት ዕቃ ሸጦ ከሽያጩ ኮሚሽን ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «በዚህ ወር አንድም ሰው ባላስገባ፣ ዕቃውን ለጎረቤቶቼ ብቻ ብሸጥ ስንት አገኛለሁ?» በ300 ብር የሚሰጧችሁን በ360 ሸጣችሁ አሥር ፍሬ ካለቀላችሁ 600 ብር ነው፤ ይህ ንግድ ነው። «ሰው ሳታስገባ እማ ምንም የለውም» ካሏችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ዕቃው በመርካቶ በግማሽ ዋጋ የሚገኝ ከሆነም ያው ነው፤ የምትከፍሉት ለዕቃው ሳይሆን ለመግቢያው ነው።

አንድ ሰው ሁለት ያስገባ፣ ሁለቱም ሁለት ሁለት ያስገቡ ብላችሁ ቁጠሩ። በአሥረኛው ዙር ብቻ 1,024 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። ከየት ይመጣል? ከእናንተው ዕድር፣ ከእናንተው ሰንበቴ ነው የሚመጣው። የከሰረው ሰው ደግሞ ድርጅቱን አያውቀውም፤ ያስገባችሁትን እናንተን ነው የሚያውቀው፤ ሕጉ ፊትም የሚጠራው እናንተን ነው።

ደረጃ 9፦ አቤቱታ ከቀረበባችሁ

ሸማች ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል፤ በፌዴራል ደረጃ ጉዳዩን የሚመለከተው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ስትጠሩ በቀጠሮው ቀን ፈቃዳችሁን፣ የሽያጭ ደረሰኙን ቀሪ፣ ደብተሩንና የአቅራቢውን ደረሰኝ ይዛችሁ ቅረቡ። ከዚያ በፊት ግን ደንበኛዋን አነጋግሩ። ዕቃውን ለውጣችሁ ወይም ገንዘቡን መልሳችሁ ካስማማችኋት ስምምነቱን በወረቀት አድርጉና እሱንም ይዛችሁ ሂዱ። አለመቅረብ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የእናንተን ወገን የሚናገር ሰው ሳይኖር ይወሰናል።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

- ፈቃድ አለኝ ብሎ አስፋልት ዳር ዕቃ መዘርጋት። ፈቃዱ መንገድ ላይ ለመሸጥ አይሆንም፤ ደንብ ማስከበር ዕቃውን ሲወስድ ወረቀቱ አያስጥልም።
- ደረሰኝ «ለሚጠይቅ ብቻ» መቁረጥ። ግዴታው ሳትጠየቁም አለ።
- የዋስትና ወረቀቱን ለራስ ማስቀረት። ዋናው ለደንበኛዋ፣ ፎቶው በስልካችሁ።
- የሚያበቃበት ቀን ሁለት ወር የቀረውን ሎሽን በጅምላ መግዛት። አከፋፋዩ የሚቀንስላችሁ ለዚህ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት የካርቶኑን ብቻ ሳይሆን የብልቃጡንም ቀን እዩ። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ከእኛ ጋር እንዳታምታቱት።
- ሌላ ሰው ቀጥሮ ማዞርና እሱ የሚናገረውን አለማወቅ። በእናንተ ደረሰኝ እየሸጠ «ኩላሊት ያጥባል» ቢል የሚጠየቀው የደረሰኙ ባለቤት ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት አብራችሁት ዙሩ።
- ፈቃዱን ቤት ትቶ መዞር። ቅጂውን በላስቲክ አድርጋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር አስቀምጡት።